ያፈርንበት ሲናፍቅ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ የሚናፍቀው የዓመት በዓሉ ምግብ ይመስለዋል፤ ዶሮው፣ ድፎው፣ የፋሲካው ቅርጫ። እኔም በ1980ዎቹ መጨረሻ ዲቪ ደርሶኝ ወደ ቨርጂኒያ ስሄድ የምቸገረው በዚያ መስሎኝ ነበር። አልተቸገርኩም። በዋሽንግተን ዙሪያ ዶሮ ወጥ ሞልቷል። የናፈቀኝ ሌላ ነው፤ አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማይወጣው፣ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ስማር የከተማ ልጆች «እናንተ አገር ምን ይበላል?» ሲሉኝ ወሬ የማስቀይስበት ምግብ። ገብስና ድንች።

ጎረቤታሞቹ የጎንደር አገሮች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ እንጂ ከአንድ ገበታ አይበሉም። የእኔ አገር ላይ ጋይንት ደጋ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በስተምዕራቧ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ተነስቶ ብርዱን ይለቅባታል። በእኛ መንደር ጤፍ አይሞከርም፤ ውርጩ ይፈጀዋል። የሚያዋጣው ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባና ድንች ነው። ታች ጋይንት ዝቅ ይላል። ስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ገደል እየወረደ ቆላ ይሆናል፤ ማሽላውና ጤፉ ከዚያ ነው። እስቴ ከደጋ እስከ ወይና ደጋ የተዘረጋ፣ ጤፍም ጓያም የሚዘራበት አገር ነው። በገበያ ቀን ደገኛው ድንቹንና ባቄላውን በአህያ ጭኖ ይወርዳል፤ ቆለኛው ጤፉን ጭኖ ይወጣል።

እኛ ቤት የጤፍ እንጀራ የሚጋገረው ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ለጥምቀት ነበር። ልጆች ሆነን ከሰርግ ስንመለስ ስለ ሙሽራዋ አናወራም፤ «ጤፍ ነበር ወይስ ቅይጥ?» ነበር ጥያቄው። ጤፍ ማለት ክብር ነበር። ገብስ ማለት ሰኞና ማክሰኞ ነበር።

ከገብስ ሁሉ ደግሞ በሶ የተለየ ቦታ አለው። እናቴ ገብሱን በውኃ ታርስና በሙቀጫ ትሸከሽከዋለች፤ ገለባው ሲለቅ ታበጥረዋለች፤ ምጣድ ጥዳ ሳያርር ሳይጎረና ትቆላዋለች። የሞተር ወፍጮ መንደራችን ሳይደርስ በፊት የምትፈጨውም ራሷ ናት፤ ወፍጮው ላይ አጎንብሳ በመጅ ስትፈጭ ሌሊቱ ይጋመሳል። የሚቆላው ገብስ ሽታ ከአጥሩ አልፎ ጎረቤት ሲደርስ መንደሩ አንድ ነገር ያውቃል፤ ከዚያ ቤት መንገድ የሚሄድ ሰው አለ። በሶ የስንቅ ምግብ ነው። ነጋዴው ስልቻው ውስጥ ይዞት ይወጣል፤ ዘማቹም ይዞት ዘምቷል። ድጓ ሊያስመሰክሩ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማሩ ወደ ዙር አባ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች መንገዱን የሚገፉት በእሱ ነው። ሲያልቅባቸው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ደጃፋችን ላይ ይቆማሉ። የአንደኛ ክፍል መጽሐፋችን ላይ የነበረው አበበ እንኳ ሲበላ የምናየው በሶውን ነበር፤ እኛ ግን እሱን አንብበን ቤት ስንገባ ያው በሶ ሲጠብቀን አፍንጫችንን እንነፋለን።

እኔም ለአሜሪካ ስነሳ እናቴ በሶ ቆላች። ይዤው አልሄድኩም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ሻንጣዬን ሲያዩ ሳቁና «ይሄን ለማን ልታሳየው ነው?» ብለው አወጡት፤ በቦታው በርበሬና ድርቆሽ አስገቡልኝ። አልተከራከርኩም። እኔም ብሆን ከሻንጣዬ በመውጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሜሪካ ስደርስ ጤፉ ቀድሞኝ ገብቷል። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሠርቶ ተመልሶ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማልማት ጀምሮ ነበር፤ «ማስካል» የሚል የተጻፈበት የዱቄት ከረጢቱን የሐበሻ ሱቅ የሚያዘወትር ሁሉ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል የእኛ መሶብ ባዶ ያልቀረው በአይዳሆ ገበሬዎች ነው። የተጋገረ እንጀራ ደግሞ ክልከላው አልነካውምና በኢትዮጵያ አየር መንገድ እየተጫነ ይመጣ ነበር፤ አዲስ አበባ የተጋገረውን በማግስቱ ቨርጂኒያ ላይ እንቆርሳለን።

ከእኛ በፊት የመጡት ይህን ሲያዩ «እናንተማ ምን አለባችሁ» ይሉን ነበር። እነሱ እንጀራ ሲያሰኛቸው ከስንዴ ዱቄት እያቦኩ ነው የኖሩት። መጋገሪያ ምጣድ ያገኙት ደግሞ ከማይታሰብ ቦታ ነው፤ የኖርዌይ ተወላጅ አሜሪካውያን ሌፍሴ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት፣ አዮዋ ውስጥ የሚሠራ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ። በየሐበሻው ቤት እሱ ነበር። እኔም ገዛሁ። ሌፍሴ የሚሠራው ከድንች መሆኑን የሰማሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ፤ የድንች አገር ሰው ከድንች ሸሽቶ መጥቶ፣ ለድንች ቂጣ በተሠራ ምጣድ ጤፍ ይጋግራል።

እንዲህ ሆኖ በጋይንት ለጥምቀት የምጠብቀው ነገር የየቀን ምግቤ ሆነ። ሰኞም ጤፍ፣ ማክሰኞም ጤፍ። የመጀመሪያው ዓመት ጥጋብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር እየጎደለ መጣ። ከሥራ ደክሜ ስገባ ያ በውኃ የተለወሰ፣ ጨውና ሚጥሚጣ የነካው፣ በእጅ ተጨብጦ የሚጎረስ ነገር አፌ ላይ ይመጣብኝ ጀመር።

አሜሪካ ገብስ አላጣችም። አብዛኛው ለቢራ ብቅልና ለከብት መኖ ይውላል እንጂ ሰው ፊት ብዙ አይቀርብም። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ተፈትጎ ተፈትጎ የነጣ፣ ለሾርባ የሚሆን ነው። ገዝቼ ቆላሁት፤ ቀለሙ መጣ፣ ሽታው አልመጣም። የሚገርመው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚበቅለው ገብስ የእኛ ዝምድና አለበት። ሰብሉን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግራቸው፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ አዳቃዮቹ ወደ ራሳቸው ዘር አሻገሩት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችንን ዞሮ ሲያይ የገብሱና የስንዴው ዓይነት ብዛት አስደንቆት፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። እኛ ከእንግዳ የምንደብቀውን ሌላው እንደ ቅርስ ይሰበስበው ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ እናቴን ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ስልክ የሚገኘው በቀጠሮ ነው፤ እሷ ከመንደር ወደ ነፋስ መውጫ ወጥታ ቴሌ ትጠብቀኛለች።

«ሰው እየመጣ ነው፤ ትንሽ ገብስ ቆልተሽ በሶ ላኪልኝ» አልኳት።

«ገብስ? ለአሜሪካ? ኧረ ሰው ምን ይለኛል! ልጇ አሜሪካ ገብቶ ገብስ ሰደደችለት ልባል?»

«እማዬ፣ ናፍቆኝ ነው።»

«ጤፍ አጥተህ ነው? እውነቱን ንገረኝ።»

«አላጣሁም፤ በየቀኑ የምበላው ጤፍ ነው።»

«እንግዲያ ምን ጎደለህ?»

የሚመልስ ቃል አጣሁ። ከወራት በኋላ ከመጣው ሰው እጅ ያገኘሁት ጥቅል ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና በጥንቃቄ የተቋጠረ ነጭ የጤፍ ዱቄት ነበረበት። ከስማዳ ነጋዴ የገዛችው ነው። ራሷ ዓመቱን ሙሉ ገብስ እየበላች፣ አይዳሆ ላበቀለው ጤፍ በላተኛ የጤፍ ዱቄት ላከች። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣችው ሳስበው ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ዱቄቱንም ለብቻው አቦክቼ ለገና ጋገርኩት።

በሶው የመጣው ፈጽሞ ካልጠበቅሁት ወገን ነው። የምሠራው እንደ ብዙው የአገሬ ልጅ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር፤ ከምድር በታች ሁለት ፎቅ ወርደን ትኬት እንቆርጣለን። በሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ ቦሊቪያዊ ነበር። ሰሜን ቨርጂኒያ ቦሊቪያውያን በብዛት ከሰፈሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ዋናው ነው፤ አርሊንግተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መንገድ ላይ የእነሱና የእኛ ሱቆች ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ሌሊት ይህ ሰው ከቦርሳው የላስቲክ ከረጢት አውጥቶ፣ ቡናማ ዱቄት በማንኪያ እየዛቀ መቃም ጀመረ። ሽታው መጣ። ቀና ስል ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ነበር።

ገብስ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ። እነሱ ፒቶ ይሉታል። እሱ ስኳር ነስንሶበታል፤ እኔ ከሱቅ ጨውና ውኃ አምጥቼ በጽዋ ለወስኩት፣ ጨብጬም አጎረስኩት። ፊቱን አጨማደደ፤ «በጨው?» አለ። እኔም የእሱን ስቅም ፊቴን አጨማደድኩ። ግን ሁለታችንም እስኪያልቅ አልተነሳንም።

ከዚያ ወዲያ ሌሊቶቹ አጠሩ። የመጣው ከኤል አልቶ ነው፤ ከላ ፓስ ራስጌ የተቆረቆረች፣ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ትልቅ ከተማ። ይህን ሲነግረኝ ጉና ጫፍ ላይ ሰው ከተማ ሲሠራ ታየኝ። እኛ ጉና ላይ የምናውቀው እረኛና ጅብራ ነው። ስለ ውርጭ ስናወራ እኔ ገብሳችንን በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያጠፋው ነገርኩት። እሱ ደግሞ ድንቹን ሆን ብለው ለሌሊት ውርጭ እንደሚያሰጡት፣ ቀን ፀሐይ ሲያቀልጠው በእግራቸው ረግጠው ውኃውን እንደሚያወጡት፣ ሲደርቅም ዓመታት የሚቀመጥ ቹኞ እንደሚሆን ነገረኝ። ውርጭን ጠላት ብቻ አድርጌ ላደግሁ ሰው፣ ውርጭን የሚያሠሩ ሰዎች መኖራቸው ትልቅ ዜና ነበር።

ድንቹም ቢሆን የእነሱ ነው። መነሻው የአንዲስ ተራራ ሆኖ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ይኸው ሺምፐር ኋላ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ገብሱ ደግሞ የተጓዘው በተቃራኒው ነው፤ ከእኛው ዓለም ተነስቶ ከስፔኖች ጋር በባሕር ተሻግሮ አንዲስን ወጣ። ድንቹ ከእሱ ተራራ ወደ እኔ ተራራ፣ ገብሱ እኛ ካለንበት ወገን ወደ እሱ ተራራ መጥቶ፣ ሁለታችን ግን የተገናኘነው መሬት ውስጥ በተቀበረ መኪና ማቆሚያ ነው። ቲቤቶችም እንዲሁ ገብስ ቆልተው ፈጭተው በቅቤ ሻይ ለውሰው በእጅ ይጨብጡታል። ብርድ ላይ የሚኖር፣ ማገዶ የሚያጥረው፣ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው የትም ይሁን የት ወደዚሁ ምግብ ይደርሳል። ጤፍ ኢትዮጵያዊ አድርጎኝ ነበር፤ በሶ ደገኛ አደረገኝ።

የእኛው የአገር ልጆች ማኅበር ውስጥ ይህን ባወራ ይሳቅብኛል ብዬ ፈራሁ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች እየተሰበሰብን እድር ቢጤ ነበረን፤ ሴቶቹ በየተራ ይደግሳሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ዓመት በዓል የሚመስል ምግብ ይደረደራል። ስናገር ግን የሳቀ የለም። የእስቴው ጎልማሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔን የጓያ ሽሮ ነው የገደለኝ» አለ። ጓያ በድርቅ ዓመት ሳይቀር የሚበቅል የድሃ እህል ነው፤ አብዝቶ ለወራት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ «ጓያ ሰበረው» የሚባል ሰው በየመንደሩ ይታወቃል። እሱን ነው የሚናፍቀው። ከስማዳ የመጡት እትዬ ደግሞ ጥንቅሽ አሉ፤ ከማሽላው መሐል እየተመረጠ የሚመጠጠውን። የላቲኖች ገበያ ሄደው ሸንኮራ ገዝተው፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጠብቀው ወጥ ቤት ቆመው እንደሚመጥጡ ነገሩን። «ልጆቼ ቢያዩኝ አፍራለሁ» ብለው ራሳቸው ሳቁ። ቀጥሎ ሁሉም የየራሱን አወጣ፤ የባቄላ እሸት፣ የተልባ በጥብጥ፣ የገብስ ቂጣ በኑግ። ዶሮ ወጡን ጠርቶ ናፈቀኝ ያለ አልነበረም። ተልባውማ አሁን የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለጤና ተስማሚ ተብሎ በውድ ይሸጣል፤ እትዬ ዋጋውን አይተው «እኛ ስንጠጣው ለምን ዝም አሉን?» ይላሉ።

ይህን ስጽፍ ግን ድህነትን እንዳላቆነጅ እፈራለሁ። እነዚህ ሦስት አገሮች ረሃብ ያውቃሉ። በ1977ቱ ድርቅ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ገብስም ብርቅ ሆኖ አይቻለሁ፤ ለዘር የተቀመጠው ሲነካ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ቻይናዎች በሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች መጡ። አሜሪካን እኔ ሳላያት በፊት ስንዴዋን በልቻለሁ፤ የዘይቷ ጣሳ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት ውኃ መቅጃ ሆኖ አገልግሏል። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ድጋፍ ሲጀመርም ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። እናቴ «ምን ጎደለህ?» ስትል የምታውቀውን ጉድለት ይዛ ነው የጠየቀችው። ለእሷ ገብስ ምርጫ ሆኖ አያውቅም፤ ጤፍ መግዛት ያልቻለ የሚበላው ነው። እኔ ገብስን መናፈቅ የቻልኩት ጤፉ ስላልጠፋብኝ ነው። ይህን ሳይረዱ ስለ አገር ቤት ምግብ ማዜም የጠገበ ሰው ጨዋታ ይሆናል።

ቢሆንም ናፍቆቱ ሐሰት አይደለም። የበዓሉ ምግብ የሁሉም ነው፤ ዶሮ ወጥ የጎንደሬውም የሸዌውም ነው፤ ሱቅ ሊሸጠው፣ ምግብ ቤት ሊያቀርበው ይችላል። የየቀኑ ምግብ ግን የአንድ ቤትና የአንድ ብርድ ነው፤ ማን እንደቆላው፣ ማን መንገድ እንደሚሄድ የሚታወቅበት። ዶሮውን የበላሁባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ፤ ገብሱን የበላሁባቸው ቀናት ግን ዕድሜዬ ራሱ ናቸው። ማፈሩ የመጣው ሌላ ሰው ማዕዳችንን ሲያይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማንም የጋይንትን ገብስ ከስማዳ ጤፍ ለይቶ ስለማያውቅ፣ የሚያሳፍረን ዓይን ከላያችን ተነሳ።

አሁን በሶ በሐበሻ ሱቆችም ታሽጎ ይሸጣል፤ ጥሩ በሶ ነው፤ እገዛለሁ። እናቴም ዕድሜዋ ገፍቶ ሐሳቧን ቀየረች፤ ባለፈው ሰው ሲመጣ ሳልጠይቃት ቆልታ ላከች፤ «ያው አመልህ ነው» የሚል መልእክት ጨምራ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ለትምህርት መጣ። ከአውሮፕላን ጣቢያ ይዤው ስገባ ጨብጬ ያቆየሁትን በሶ አቀረብኩለት። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፤ «ጋሼ፣ አሜሪካም መጥቼ በሶ?» አለኝ። የጤፍ እንጀራውን በቀይ ወጥ አወጣሁለት፤ ደስ ብሎት በላ። ልክ ነው። ጤፉን ይብላ፤ ፒዛውንም ይብላ፤ ይጥገብ። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ያለውን የቦሊቪያውያን ሱቅ ራሱ ሲጠይቀኝ አሳየዋለሁ።